ለወፍጮ የተነፋ ጥሩምባ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ዱቄት የሚወጣው ከሴት ክንድ ነበር። ሳቂ አንቺ፣ ሳቂ! እውነቴን እኮ ነው። እኛ ወንዶቹ አርሰን፣ አጭደን፣ ወቅተን ገብሱን ጎተራ ስንከት "እፎይ፣ ስራ አለቀ" ብለን ጋቢያችንን ተከናንበን ፀሀይ እንሞቃለን፤ የሴቶቹ ስራ ገና ያን ጊዜ ነው የሚጀመረው። ድንጋይ ወፍጮ ላይ ጎንበስ፣ መጁን በሁለት እጅ ያዝ፣ ገፋ፣ መለስ፣ ገፋ፣ መለስ። ለአንድ ቀን ቂጣ ግማሽ ቀን መፍጨት። እና ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ትግባ ሲባል መልሱ "ማን ይፈጫል?" ነው። ሌላ መልስ የለም።

ያ በሩን የያዘው ድንጋይ ምን ይመስላችኋል? አዎ፣ ያ ለስላሳው። እሱ መጅ ነው። ልጄ ጽጌ የገፋችው መጅ ነው። ተዉት ይቀመጥ፣ በኋላ እመጣበታለሁ።

ታዲያ እናንተ የመጣችሁት ስለ አዲሱ የፀሀይ ፓምፕ ነው አይደል? "አባባ ጥላዬ፣ ያ የቡርቃ ወንዝ የውሃ ወፍጮ በደርግ ጊዜ ተተክሎ እስከ ዛሬ እንዴት ኖረ? እኛም ኮሚቴ ሆነናል፣ ይምከሩን" ነው ያላችሁኝ። እኔ ምክር አላውቅም። ምክር የሚያውቅ ሰው ስብሰባ ላይ ሞልቷል። እኔ የሆነውን ነው የምነግራችሁ። ያንን ስልክሽን ጠጋ አድርጊው ሰሚራ፣ ድሮ ቢሆን ድምጼ ከዚህ ሁሩታ ይሰማ ነበር፣ አሁን ሳንባዬም እንደኔ ጡረታ ወጥቷል።

ስሙኝማ። እኔ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነበርኩ። ያቻትና ግድግዳው ላይ፣ አትንኳት አንተ! ሰው ሲሞት ማለዳ ተነስቼ ጉብታው ላይ እወጣና ሶስት ጊዜ እነፋለሁ። ሶስት ጊዜ ከተነፋ ሞት ነው፣ ቀልድ የለም፤ ማረሻ የያዘ ማረሻውን፣ ማንኪያ የያዘ ማንኪያውን ጥሎ ይወጣል። ክርስቲያን ይሙት ሙስሊም ይሙት፣ ኦሮሞ ይሁን አማራ፣ ጥሩምባዋ አንዲት ናት፣ እድሩም አንድ ነው። የእድሩ ዳኛ ኦቦ ገመዳ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ አንድ ቃል ከተናገሩ ሁለተኛውን እስክትሰማ ላብ ያጠምቅሃል።

እና ደርግ መጣ፣ መሬት ላራሹ ሆነ፣ የገበሬ ማህበር ተቋቋመ። ሊቀመንበራችን ደጉ ይባላል፣ የኔው እኩያ፣ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ንግግር ነው የሚወደው። ሁለት ሰው ቆሞ ካየ ንግግር ያደርጋል! ታዲያ አንድ ቀን ከአሰላ መኪና መጣ፣ ባለሙያዎች ወረዱ፣ አንድ አንገቱን ፀሀይ የበላው ፈረንጅም አብሮ ወረደ፣ እና ወንዙን ለኩ፣ ቁልቁለቱን ለኩ፣ "እዚህ ላይ የውሃ ወፍጮ እንተክላለን" አሉ። ነዳጅ የለው፣ እንጨት የለው፣ ጭላሎ ተራራ ላይ የዘነበ ውሃ ቁልቁል ሲወርድ ብረቱን ይመታል፣ ብረቱ ድንጋዩን ያዞራል፣ አለቀ።

ቦዩን እኛ ቆፈርን። በደቦ ነው የቆፈርነው፣ ሴቶቹ አሸዋ ተሸከሙ። ወፍጮው ተከፈተና ቀይ ጨርቅ ተቆረጠ፣ ደጉ ንግግር አደረገ፣ ረጅም! "ሰፊው ህዝብ... ሰፊው ህዝብ..." ሲል እቴቴ ወርቄ፣ ጎረቤታችን ነበሩ፣ አፋቸው አያርፍም፣ "ልጄ፣ ሰፊው ህዝብ ርቦታል፣ ወፍጮውን አስነሳው" አሉት። ህዝቡ ሳቀ። ከዚያ ውሃው ተለቀቀና ድንጋዩ ሲዞር፣ ዱቄቱ እንደ በረዶ ሲወርድ፣ ባለቤቴ በላይነሽ፣ አላህም እግዚአብሔርም ምስክሬ ነው፣ ዱቄቱን በእጇ ዘግና አለቀሰች።

"ምን ያስለቅስሻል?" አልኳት።

"ትከሻዬ ነው የሚያለቅሰው" አለች። "ስማ ጥላዬ፣ ይሄ ወፍጮ ከዞረ ጽጌ ትማራለች። ከቆመ ግን እኔ ብቻዬን አልችልም፣ ትከሻዬ ሞቷል። አንተም ትማራለች ብለህ ማልልኝ።"

ማልኩ። ጽጌ ትምህርት ቤት ገባች። አቤት ልጅ! ሁለት ክፍል በአንድ ዓመት አለፈች። ስድስተኛ ደረሰች፣ የሚኒስትሪ ፈተና ልትወስድ ነው፣ አስተማሪዋ "ይቺ ልጅ ሁሩታ ትማራለች፣ አሰላም ትሄዳለች" ይለኛል፣ እኔ ደረቴን ነፍቼ እሄዳለሁ። በጥሩምባ ብቻ አይደለም ደረት የሚነፋው!

ታዲያ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? ወፍጮውንም እንዲሁ ወሰደው። መጀመሪያ ቦዩ ውስጥ ቅጠል ገባ። የባህር ዛፍ ቅጠል። አየሁት። እኔው ራሴ አየሁት ልጆቼ፣ አልዋሽም፣ አየሁትና አለፍኩ። ምን ብዬ? "የመንግስት ነው፣ መጥተው ይጠርጉታል" ብዬ። ቀጥሎ የኦቦ ገመዳ ከብቶች የቦዩን ጠርዝ ናዱት፣ እሳቸውም አዩትና አለፉ። ቀጥሎ ጠጠር የሚያስቀረው የብረት ወንፊት ተቀደደ። እና አንዱ "ለደጉ ንገሩት" ይላል፣ ደጉ ደግሞ "ለአሰላ ደብዳቤ እንጽፋለን" ይላል። በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል፣ "የህዝብ ንብረት"። ቁልፉ ደጉ አንገት ላይ ነው። ህዝቡ የምን ህዝብ ነው? ማን ነው? እኔ እንጃ! ሁላችንም ህዝቡ ሌላ ሰው መስሎን ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ድንጋይ ገባና ብረቱ ጮኸ። ሲጢጢጢ! እንደ ታረደ ፍየል። ኩሽኔታው ተበላ፣ ኩሽኔታ ማለት ያ ዘንጉ የሚዞርበት ብረት ነው፣ እና ቀጥ አለ። ደጉ መጣ፣ በሩን ቆለፈ፣ "ህዝቡ ይረጋጋ፣ ደብዳቤ ጽፈናል" አለ።

ሳምንት ሆነ። "ደብዳቤ ጽፈናል።" ወር ሆነ። "ሁለተኛ ደብዳቤ ጽፈናል።" ክረምቱ ወጣ፣ "ሶስተኛ ደብዳቤ፣ በጥብቅ!" ይለኛል፣ ጣቱን እንዲህ አንስቶ። መልስ የለም። ያ ፈረንጅም አገሩ ገብቷል፣ ባለሙያዎቹም ተቀይረዋል፣ የማንን ወፍጮ ማን ያስታውሳል?

እና ጽጌ... (እዚህ ላይ አባባ ወደ መጁ ተመለከቱ።) ጽጌ ከትምህርት ቤት ቀረች። እኔ ቅሪ አላልኳትም። እናቷም አላለቻትም። አንድ ቀን እናቷ መጁን ስታነሳ ክንዷ አልታዘዝ ብሎ ድንጋዩ ከእጇ ወደቀ፣ ልጅቷ አየች፣ ቦርሳዋን ሚስማሩ ላይ ሰቀለችና ጎንበስ ብላ መፍጨት ጀመረች። እንዲሁ ነው የሆነው። ማንም ምንም አልተናገረም። እየፈጨች ትምህርቷን በቃሏ ትላለች፣ "የአፍሪካ ትልቁ ሀይቅ..." ገፋ፣ "የአፍሪካ ረጅሙ ወንዝ..." መለስ። እኔ ውጭ ቆሜ እሰማለሁ። መዳፏ ውሃ ቋጥሯል። እኔ የማልኩ ሰው! አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

አስተማሪዋ መጣ። "አባት፣ ፈተናው ሊደርስ ነው፣ ልጅቷን ምነው አስቀሯት?" አለ። እኔ ምን ልበለው? "ደብዳቤ ተጽፏል" አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ራሴን ጠላሁት።

በማግስቱ ማለዳ ወደ ማሳ ስወርድ በወፍጮው በኩል አለፍኩ። በቀዳዳ ሳይ ውስጥ ውሃ ቆሟል፣ እንቁራሪት ተቀምጣ ታየኛለች። እኔ አየኋት፣ እሷም አየችኝ። ቤቱ ቤቷ ሆኗል! እና ደሜ ፈላ። እኔ ደሜ ሲፈላ አላስብም፣ በላይነሽ በህይወት ብትኖር ትመሰክር ነበር። ወደ ቤት ተመለስኩ፣ ጥሩምባዋን ከግድግዳው አወረድኩ፣ ጉብታው ላይ ወጣሁ፣ እና ነፋሁ።

አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። ሶስት ጊዜ።

ኡኡኡ! አገር ተነቀለ! በሩ ሁሉ ተከፈተ፣ "ኤኙቱ ዱኤ?" ይላል ከታች፣ "ማን ሞተ?" ይላል ከላይ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው፣ እቴቴ ወርቄማ ገና ከበር ሳይወጡ ማልቀስ ጀምረዋል፣ "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያሉ። ኦቦ ገመዳ እያለከለኩ ጉብታው ላይ ደረሱ።

"ጥላዬ፣ ማነው?" አሉኝ።

"ወፍጮው ነው" አልኳቸው።

"ወፍጮው ምን?"

"ወፍጮው ሞተ።"

ከዚያ እቴቴ ወርቄ ጀመሩ። "አንተ የተረገምክ! ለወፍጮ ነው ያስለቀስከኝ? ግማሽ እንባዬን አፍስሻለሁ እኮ! እንባዬን መልስልኝ!" አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ሊመታኝ ዱላ ያነሳል፣ አንዱ "አብዷል፣ እሰሩት" ይላል። እኔም ደንቆሮ አልነበርኩም፣ ጥፋቴን አውቃለሁ። በሞት ጥሩምባ አይቀለድም። ግን ቀልዴን አልነበረም።

ደጉ ደረሰ፣ ጠመንጃ የያዙ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ከኋላው። "ጓድ ጥላዬ! ይሄ አሻጥር ነው! ህዝቡን ስራ ማስፈታት! ፀረ-አብዮት!" አለ። ይዘው የማህበሩ እህል ማከማቻ ውስጥ ቆለፉብኝ። እዚያ ያለው አይጥ ልጆቼ፣ ከኔ በላይ ደልቶታል፣ ጥሬ ይበላላ፣ ዱቄት አያስፈልገው።

እና እኔ እዚያ ተቀምጬ "በቃ፣ አሰላ ወህኒ ይወስዱኛል፣ ጽጌ ዕድሜ ልኳን ትፈጫለች" እላለሁ። በዚያ ጊዜ እኮ "ፀረ-አብዮት" የተባለ ሰው በቀላሉ አይመለስም። ፈራሁ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተ። ኦቦ ገመዳ ናቸው፣ ህዝቡ በሙሉ ከኋላቸው። ደጉን እንዲህ አሉት፦ "ጓድ ሊቀመንበር፣ የማህበሩ ህግ ያንተ ነው፣ የእድሩ ህግ የኔ ነው። ጥሩምባዋ የእድሩ ናት። በሀሰት የነፋ ሰው በእድር ይዳኛል። ስጠኝ።"

ደጉ ህዝቡን አየ። "እሺ፣ ይዳኝ" አለ።

"ያ ጀመኣ፣ እናንተ ሰዎች" አሉ ኦቦ ገመዳ፣ "ጥላዬ በሀሰት ነፍቶ ከሆነ እንቀጣዋለን። መጀመሪያ ግን ሟች መኖር አለመኖሩን እንይ። ሬሳ ሳያዩ አይፈረድም።"

እና አገር በሙሉ እንደ ቀብር ተሰልፎ ወደ ወፍጮው ወረደ። ደጉ ቁልፉን ከአንገቱ አወጣ፣ ጓጉንቸሩ ዝጎ እምቢ አለ፣ ታገለ፣ ታገለ፣ ከፈተ። እንቁራሪቷ ዘላ ወጣች። ብረቱ ዝጓል፣ ቺንጋው፣ ያ የጎማ ጠፍሩ፣ ሻግቷል፣ ቦዩ ውስጥ ሳር በቅሎ ፍየል ይግጣል። ለካ ከተቆለፈ ወዲህ ከኔ በቀር ውስጡን ያየ ሰው የለም።

ኦቦ ገመዳ በዱላቸው ድንጋዩን መታ መታ አደረጉና "ዱጋ ነው፣ እውነት ነው፣ ሞቷል" አሉ። "ጥላዬ አልዋሸም። አሁን ልጠይቅ፣ ይሄ ሟች ዘመዱ ማነው?"

"መንግስት ነው" አለ ደጉ።

"ተነግሮታል?"

"ሶስት ደብዳቤ ጽፈናል።"

"መጣ?"

ደጉ ቁልፉን መልሶ አንገቱ ላይ አጠለቀ። ያ ተናጋሪው ደጉ!

"በእኛ ደንብ" አሉ ኦቦ ገመዳ፣ "ሶስት ጊዜ ተልኮበት ያልመጣ ዘመድ ለቀብር አይጠበቅም። ሬሳ ደጅ አይተኛም። ያለው ሰው ያነሳዋል። የኔ ከብቶች ናቸው ቦዩን የናዱት። እያየሁ ዝም አልኩ። ከገዳዮቹ አንዱ እኔ ነኝ።"

እኔም "ቅጠሉን አይቼ አልፌያለሁ" አልኩ። ሌላው "ወንፊቱ ሲቀደድ እኔ ነበርኩ" አለ። አንድ በአንድ! ለቅሶ ቤት ሰው እንደሚናዘዘው። እቴቴ ወርቄ ያን ጊዜ ምን አሉ መሰላችሁ? "እንግዲህ እንባዬ በከንቱ ካልፈሰሰ፣ ይሄን ወፍጮ እድር አስገቡት!"

"ወፍጮ እድር ይገባል እንዴ?" አለ አንዱ።

"ለምን አይገባም? ሰው ሁሉ የሚበላው ከሱ አይደል? ሲታመም እንጠይቀው፣ ሲወድቅ እናንሳው። ለኔ ለአሮጊቷ የምትወጡትን ያህል ለሱም ውጡ። አባል ይሁን!"

ህዝቡ ሳቀ፣ ኦቦ ገመዳ ግን አልሳቁም። "ለቅሶ ስንት ቀን እንቀመጣለን?" አሉ። "ሶስት" አልን። "በሉ ሶስቱን ቀን ቦይ እንጠርጋለን። ጥላዬ ደግሞ አገር አስደንግጧልና ቅጣት አለበት። በእግሩ አሰላ ሄዶ ኩሽኔታውን ያምጣ።"

ሄድኩ። የተበላውን ኩሽኔታ በጨርቅ ጠቅልዬ። አሰላ ጎሚስታ ቤት ጎን ኑሩ የሚባል መካኒክ ነበር፣ እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር። ኩሽኔታውን ገልብጦ አየው።

"ይሄ ግራሶ ተቀብቶ ያውቃል?" አለኝ።

"ግራሶ ምንድነው?"

"ሰውዬ! ገደላችሁት እኮ!"

"አዎ፣ ጥሩምባም ነፍቼለታለሁ" አልኩት።

ነገሩን ስነግረው በሳቅ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ እንባውን ጠረገና "ከአሮጌ ትራክተር የወጣ አለኝ፣ ይሆናችኋል። ግን ዛሬ ብሰጥህ ክረምት ሲገባ ትመለሳለህ። ሳትማር አትሄድም" አለ። ሶስት ቀን እሱ ዘንድ ሆንኩ፤ ማውጣት፣ ማስገባት፣ ማጠብ፣ ግራሶ፣ ያን የብረት ቅባት፣ መቀባት። ስሳሳት ጭንቅላቴን በጨርቅ ይመታኛል፣ እኔ የልጆች አባት! በመጨረሻ "ምን ላድርግልህ?" ስለው "ከመጀመሪያው ዱቄት አምጣልኝ" አለ። በሶ አድርጌ ወስጄለታለሁ፣ ማር ለውሼ።

ስመለስ ቦዩ እንደ አዲስ ሆኗል። ኩሽኔታውን አስገባሁ። ውሃው ተለቀቀ። ዞረ። እልል ተባለ። እኔ ደረቴን ነፋሁ። በላይነሽ ግን ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ "ይነክሳል" አለች።

"ምን ይነክሳል? እየዞረ አይደል?"

"ድንጋዩ ጥርሱ አልቋል፣ መወቀር አለበት፤ በግራ በኩልም ይንኳኳል። ዕድሜዬን ሙሉ ወፍጮ የሰማሁ ነኝ፣ አንተ ትነግረኛለህ?"

ከፍቼ ሳይ እውነቷን! ብሎን ላላ ብሏል። ያን ጊዜ ነው የገባን። ወፍጮው ሲተከል ለኮሚቴ ሰባት ወንድ ነው የመረጥነው፣ አንድም ወፍጮ ገፍቶ የሚያውቅ የለበትም! ኦቦ ገመዳ ቁልፉን ከደጉ ተቀብለው ለበላይነሽ ሰጧት። ከሷም በኋላ ቁልፉ እንደ እድሩ ድንኳን ከሴት ወደ ሴት በተራ ይዞራል። እጁ የኔ፣ ጆሮው የነሱ።

እና ያን ቀን በላይነሽ ቤት መጣች። ጽጌ ጎንበስ ብላ ትፈጫለች፣ አልሰማችም። እናቷ መጁን ከእጇ ወሰደችና "ተነሽ፣ ቦርሳሽን አውርጂ" አለቻት። ልጅቷ እናቷን ታያለች፣ እኔን ታያለች። "ዞረ?" አለች። "ዞረ" አልኳት። ቦርሳዋን ያዘችና ሮጠች። ሰው እኮ ትምህርት ቤት ሲሄድ ይሄዳል እንጂ አይሮጥም። እሷ ሮጠች። መጁም ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ በር ይይዛል፣ ሌላ ስራ የለውም።

ደንቡ ቀላል ነበር። ጥሩምባ አንድ ጊዜ ከተነፋ የቦይ ቀን ነው፣ በየወሩ፣ ከየቤቱ አንድ ሰው አካፋ ይዞ ይወጣል። የፈጨ ሁሉ አንድ ጣሳ ዱቄት ለወፍጮው ይተዋል፣ ከሱ ግራሶ ይለወጣል፣ ቦይ ለሚጠርጉት ገንፎ ይገነፋል። ያልወጣ ሰው ታዲያ እህሉ የሚፈጨው ከሁሉም ኋላ ነው። በቃ።

መጀመሪያ የቀረው ማን ይመስላችኋል? ደጉ! "ስብሰባ አለብኝ" ብሎ። በማግስቱ ሚስቱ ስንዴ አሸክማ ስትመጣ በላይነሽ "እህቴ፣ ወረፋሽ ከመጨረሻ ነው" አለቻት። ደጉ እየፎከረ መጣ።

"እኔ ሊቀመንበር ነኝ!"

"ወፍጮው ሊቀመንበር አያውቅም፣ አካፋ ነው የሚያውቀው" አለችው፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

ኦቦ ገመዳ ቀስ ብለው "ጓድ፣ ሰው ለቅሶ ቀርቶ ስብሰባ ነበረኝ ይላል?" አሉት። ብቻ እንዲህ ነው ያሉት። በሚቀጥለው ወር ጥሩምባዬን ከአፌ ሳላወርድ ደጉ አካፋውን ተሸክሞ ቦዩ ውስጥ ቆሟል። ንግግርም አላደረገ!

ኋላ መንደር ምስረታ መጣና ቤታችንን አፍርሰን ሜዳ ላይ አሰፈሩን፣ ከወንዙ አራቁን። ብዙ ነገር ያን ጊዜ ተበላሸ። ግን ጥሩምባዋ ሜዳውም ድረስ ትሰማለች። ተነፋች፣ ወጣን። ርቀቱን እየረገምን ወጣን።

ከዚያ ደርግ ወደቀ። እናንተ አልተወለዳችሁም። ግርግር ለሌባ ይመቻል፣ የማህበሩ መጋዘን ተዘረፈ፣ ቆርቆሮው፣ በሩ፣ ወንበሩ። የሌላ አገር ሰው ብቻ አይደለም፣ የኛም ሰዎች ነበሩበት፣ እንዴት እዋሻለሁ? ትናንት ያጨበጨቡበትን ጠረጴዛ ተሸክመው ይሮጣሉ። እኩለ ቀን ላይ መዶሻና ገመድ ይዘው ወደ ወፍጮው ሲወርዱ አየሁ። ጥሩምባዬን አነሳሁ። ሶስት ጊዜ! በዚህ ጊዜ ማንም "ማን ሞተ?" ብሎ አልጠየቀኝም። ሁሉም አካፋውን ይዞ በቀጥታ ወደ ቦዩ ወረደ።

ደርሰን ስናይ በሩ ላይ አንድ ሰው ቀድሞን ቆሟል። ደጉ! ከሊቀመንበርነት ተሽሮ፣ ጫማ እንኳ ሳያደርግ፣ አካፋውን እንዲህ ይዞ።

"ዞር በል" ይሉታል፣ "የመንግስት ንብረት ነው፣ መንግስት ወድቋል!"

ደጉ ምን አለ? "የመንግስት ቢሆን ኖሮ እኔው ቀድሜ እዘርፈው ነበር!" አላቸው። "ይሄ የእድራችን አባል ነው!"

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። የኛን ባለቤቶች ቆጠሯቸው፣ መዶሻቸውን ይዘው ተመለሱ።

ይኸው ነው። ጽጌ ያን ፈተና አለፈች፣ ሁሩታ ተማረች፣ አሰላ ሄደች፣ አስተማሪ ሆና ተመለሰች፣ ይቺን ሰሚራንም ፊደል ያስቆጠረቻት እሷ ናት፣ አይደለም እንዴ? ዛሬ መብራት ገብቶ የኤሌክትሪክ ወፍጮ መንገድ ዳር ተተክሏል። ይሁን፣ እሰየው። መብራቱ የጠፋ ቀን ግን ሰልፉ የት ነው? ቡርቃ! ኩሽኔታውን ስንት ጊዜ እንደቀየርነው እኔ እንጃ፣ ከኔ በኋላም ሁለት ሰው ሰልጥኗል፣ አንዷ ሴት ናት፣ ከኔ ትበልጣለች፣ እንዳትነግሯት።

እናንተ ፓምፑን ስትረከቡ ምን አላችሁኝ ሰሚራ? "ሲበላሽ የሚደወልበት ስልክ ሰጥተውናል" አይደል ያልሽኝ? ጥሩ፣ ደውሉ። ደብዳቤም እንዲሁ ጥሩ ነበር። ግን ፀሀዩ የሚያርፍበት መስታወት አቧራ ሲለብስ መጀመሪያ የሚያየው ማነው? አይቶስ ያልፋል ወይስ ይጠርጋል? እሱን ንገሪኝ።

ሰሚራ፦ "አባባ፣ አቧራውንማ... ትናንት አይቼው ነበር።"

እና?

ሰሚራ፦ "አለፍኩ።"

ሃሃሃ! እሰይ! አልዋሸሽም፣ ከኔ ትሻያለሽ፣ እኔ ስንት ወር ፈጅቶብኛል። በይ ነይ፣ ጥሩምባዋን አውርጃት። አዎ፣ አንቺ ነሽ። ጉንጭሽን አትንፊ፣ ከሆድሽ አምጪው። አንድ ጊዜ ብቻ! አንድ ጊዜ የስራ ነው።

(ሰሚራ ነፋች። የወጣው ድምጽ የጥጃ ሳል ይመስል ነበር፤ ሁላችንም ሳቅን። ቢሆንም ከአጥሩ ማዶ አንድ ጎረቤት ከቤቱ ብቅ ብሎ "አባባ ጥላዬ! ማን ሞተ?" ሲል ተጣራ። አባባ በዱላቸው ተደግፈው ተነሱ፤ "ሳንባዬ ጡረታ ወጥቷል" ያሉት ሰውዬ መንደሩን በሙሉ የሚያሰማ ድምጽ አወጡ።)

ማንም አልሞተም! አዲስ አባል ገብቶ ነው! ጨርቅና ውሃ ይዛችሁ ወደ ፓምፑ ውጡ!